ሦስት መቶ ስልሳ ለሦስት ሲካፈል

ሰው የሚኮራበት ነገር አያጣም። አንዱ በመሬቱ ይኮራል፣ አንዱ በልጁ። እኔ የምኮራው በትምህርት ካላንደር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሬጅስትራር ቢሮ ስቀመጥ ፈተናን ከበዓል ጋር አጋጭቼ አላውቅም፤ አንድ ቀን ያለቦታው አስገብቼ አላውቅም። "አሰጋሽ ካለችው ቀን ውልፍት የለም" ይባልልኝ ነበር። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ግን ከየት እንደወደቅሁ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

ኮሌጃችን ወጨጫ የአካባቢ ጥበቃ ኮሌጅ ይባላል፤ ሰበታ፣ ከተራራው ግርጌ። መቶ አርባ ተማሪ፣ አስራ አንድ መምህርና አንድ ሰፊ የችግኝ ጣቢያ አለን። ልጆቹ ዛፍ መትከልና አፈር መጠበቅ ተምረው ዲፕሎማ ይወስዳሉ። ችግሩ፣ እንደ ሌላው ትምህርት ቤት ሁሉ እኛም ሰኔ ላይ ተማሪ በትነን መስከረም መጨረሻ ላይ እንሰበስብ ነበር። ዝናቡ ሲመጣ ተማሪው ይሄዳል፤ ዝናቡ ሲሄድ ተማሪው ይመጣል። ስለዚህ የተከላ ትምህርት የሚሰጠው በጥር፣ መሬቱ ደርቆ ዶማ ሲመልስ ነበር። ተማሪው ሲታገል ውሎ ችግኙን ይቀብራል፣ ማርኩን ይወስዳል፣ ችግኙ በሳምንቱ ይሞታል።

የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ኦቦ ቦጂያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው እጃቸውን እያነሱ አንድ ነገር ብቻ ሲናገሩ ኖሩ። "እኔ ችግኝ ሳደርስ እናንተ ልጆቹን ትበትናላችሁ። በክረምት ያላስተማራችሁትን ተከላ መቼ ልታስተምሩት ነው?" የዚያው የሰበታ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ስድሳን አልፈዋል፤ ስብሰባም በቦት ጫማ ነው የሚገቡት። በመጨረሻ ዲናችን ዶክተር ፈቀደ ሰሟቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሌጁ ክረምት ከበጋ እንዲያስተምር፣ ዓመቱም በሦስት ሴሚስተር እንዲከፈል ተወሰነ። ካላንደሩን ማውጣት የኔ ሥራ ሆነ።

እንዴት ደስ የሚል ሥራ መሰላችሁ። አስራ ሁለት ወር፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ቀን፣ ሦስት መቶ ስልሳ። ለሦስት ሲካፈል መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አንደኛው፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ሁለተኛው፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ሦስተኛው። ፍርፋሪ እንኳ አልተረፈውም። በሦስት ቀለም አሳተምነው። የትምህርት ጉባኤው አጨበጨበ፣ ዲኑ ፈረሙበት፣ በየክፍሉ ተለጠፈ። ሰው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ እሱን እያየ ገባ ወጣ።

ለክረምቱ ተከላ ደንብ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። አስራ ስድስት ሐሙስ፣ በቀን ስምንት ሰዓት፤ አንዱም አይቀርም። የጎደለ ቀን ካለ የሚሟላው ቀጣዩ ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት፣ ሬጅስትራር ባለበት ብቻ ነው። ካልሆነ ለሚመጣው ክረምት ይደገማል። ደንቡን ስጽፍ ማን ይጎዳበታል ብዬ አላሰብኩም። ደንብ ስትጽፍ ሰው አይታይህም፤ ሰው የሚታይህ መስኮቱ ጋ መጥቶ ሲቆም ነው።

ነሐሴ 22 ቀን ድንቅቱ መስኮቴ ጋ ቆመች፤ ልጇን በጀርባዋ አዝላ። የሱሉልታ ልጅ ናት፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። ሐምሌ 8 ወንድ ልጅ ወልዳ፣ አርባ ቀኗን ጨርሳ፣ ክርስትና አስነስታ መመለሷ ነበር። የሌሎቹን ትምህርቶች ከጓደኞቿ ደብተር አንብባ ለፈተና ደርሳለች። ስድስት ሐሙስ ግን ከደብተር አይገለበጥም። የቀረው ሳምንት ደግሞ ጠዋትና ከሰዓት ፈተና ነው።

"እትዬ አሰጋሽ፣ እንደምን ዋሉ?" ብላ አንድ ደብዳቤ ዘረጋችልኝ። ሱሉልታ የሚገኝ የችግኝ ጣቢያ በባለሙያነት ሊቀጥራት ፈቅዷል። እስከ መስከረም 3 ጊዜያዊ ዲፕሎማዋን ካላቀረበች ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል።

"ለባለቤቴ የቀረችው መሬት የጓሮዋ ብቻ ናት። ይሄን ሥራ ነው ሁላችንም የምንጠብቀው" አለች። "ስድስቱን ቀን የምሞላበት መንገድ ካለ ብዬ ነው።"

"መውለድሽ እሰየው ነው" አልኳት። "ሐሙሱ ግን ጎድሏል። ፈተናው ነሐሴ 30 ያልቃል፤ አዲሱ ሴሚስተር መስከረም 1 ይገባል። በመሃል ቀን የለም። ለከርሞ ክረምት ትደግሚዋለሽ።"

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። "እሺ፣ እትዬ" ብላ የልጇን ማዘያ አጠበቀችና ሄደች። ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ለሚጮህብኝ ሰው መልስ አላጣም፤ "እሺ" ለሚለኝ ግን መድኃኒት የለኝም።

የዚያኑ ቀን ወደ አስር ሰዓት ላይ ኦቦ ቦጂያ ከነጭቃቸው ገቡ።

"አሰጋሽ፣ በጳጉሜ ጣቢያውን ማን እንደሚጠብቅ ካላንደርሽ ላይ ፈልጌ አጣሁት።"

"ከነሐሴ ቀጥሎ ይመልከቱ እንጂ፣ ኦቦ ቦጂያ" አልኳቸው፣ ቀና እንኳ ሳልል።

ግድግዳው ላይ ወዳለው ካላንደር ሄዱ። ጭቃ የነካው ጣታቸው ነሐሴ 30 ላይ አረፈ። ከዚያ አንድ ጣት ሳይሞላ መስከረም 1 ላይ ደረሰ። ተመልሶ ነሐሴ ላይ፣ ደግሞ መስከረም ላይ።

"ጳጉሜ የት ሄደች?"

ተነስቼ አየሁ። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። አስራ ሦስት ወር ያላት አገር ውስጥ ተወልጄ፣ አርፍጄ ሳልገኝ፣ በዓል ሳልስት ሃምሳ ዓመት ኖሬ፣ ሦስት መቶ ስልሳ ለሦስት እኩል ስለተካፈለልኝ ብቻ አንድ ወር ውጬ ተቀምጫለሁ። ለድንቅቱም "በመሃል ቀን የለም" ያልኳት ከዚህ ወረቀት እያነበብኩ ነው።

ኦቦ ቦጂያ አልሳቁም። በሩን ቀስ ብለው ዘጉና "ለማንም አልናገርም" አሉ። "ዓመቱን ሙሉ ያላየ ሰው አሁን አያይም። የሚመጣውን ስታሳትሚ ትጨምሪያታለሽ፣ ያልቃል።" ደግ ሰው ናቸው። ያ ደግነታቸው ግን ፈተና ሆነብኝ።

እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው። ቡራዩና ሰበታ በዓይን ጎረቤት ናቸው፤ በታክሲ ግን አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነው። ሱሉልታም እንደዚያው ነው። እንዲህ ዓይነት መንገድ ለማሰብ ይመቻል። ጳጉሜ የሦስተኛው ሴሚስተር አይደለችም፤ የመጀመሪያውም አይደለችም። ደንቡ ደግሞ "ቀጣዩ ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት" ይላል። ድንቅቱ የጎደላትን በጳጉሜ ልትሞላ ትችላለች። ነገር ግን ዲኑ እነዚያን ቀኖች በደብዳቤ መክፈት አለባቸው፤ ለምን ባዶ እንደሆኑም መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱ አንድ ነው፤ አሰጋሽ ረስታ ነው። ለአንዲት ተማሪ ብዬ የሃያ ሁለት ዓመት ስሜን ልሰጥ ነው?

ዊንጌት ስደርስ ቆጠርኩ። ጳጉሜ አምስት ቀን ናት። የጎደላት ስድስት ነው። አንድ ቀን ያንሳል። አሁን ስናገር ያሳፍረኛል፤ ደስ አለኝ። አልበቃም ማለት ነው፤ መናገር የለብኝም ማለት ነው። ቤቴ ገብቼ እራቴን በሰላም በላሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ቦጂያን ጣቢያው በር ላይ አገኘኋቸው። የአዛኝ ፊቴን አዘጋጅቼ፣ "ያቺ የሱሉልታዋ ልጅ አሳዘነችኝ። በጳጉሜ እንዳትሞላ እንኳ አንድ ቀን ያንሳል፤ ስድስት ነው የጎደላት" አልኳቸው።

የያዙትን የችግኝ ማጠጫ አስቀምጠው አዩኝ።

"የዘንድሮዋ ጳጉሜ ስድስት ናት እኮ፣ አሰጋሽ። የሉቃስ ዓመት ነው። ኮምፒውተርሽ ይሄን አልነገረሽም?"

ሰበብ አለቀብኝ። ወደ ቢሮዬ ተመለስኩና፣ ሐሳቤን ሳልቀይር ብዬ በሁለት መስመር ጻፍኩ። "ለዲን ጽ/ቤት። የዓመቱን ካላንደር ሳወጣ ጳጉሜን ረስቻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ስድስቱ ቀን ለተማሪ ድንቅቱ የተከላ ልምምድ ማሟያ እንዲፈቀድ እጠይቃለሁ።" ለጸሐፊዋ እንኳ አልሰጠሁም፤ ራሴ ወሰድኩት።

ዶክተር ፈቀደ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወንበራቸውን አዙረው ከኋላቸው የተለጠፈውን ካላንደር አዩ። ፊርማቸው ታች ነበር፤ ትልቅ፣ የተጠማዘዘ፣ ጳጉሜ መሆን የነበረባት ቦታ ላይ።

"ወይዘሮ አሰጋሽ" አሉ። "እኔ እኮ ፈርሜባታለሁ።"

"አይቻለሁ፣ ዶክተር።"

"ጉባኤውም አጨብጭቧል።"

"አጨብጭቧል።"

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም እያፈርኩ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። የሁሉም ውል ነሐሴ 30 ያበቃል፤ ካፌ የለም፣ ሰርቪስ የለም፣ ለአሠልጣኝ የሚከፈል የለም። ማን ያሠራታል? ኦቦ ቦጂያ ተጠርተው መጡና ጥያቄውን ሰሙ።

"ጳጉሜ መቼ ደሞዝ ኖሯት ያውቃል?" አሉ። "እኔ እንደሆንኩ ድሮም በጳጉሜ እዚሁ ነኝ። ችግኝ ወር አይቆጥርም።"

ሬጅስትራር መገኘት አለበት የሚለው ደንብ የኔ ስለሆነ እኔም ተጨመርኩ።

ለድንቅቱ ስደውልላት "ልጁን ይዤ መምጣት ይቻላል?" ብላ ጠየቀች። ስለ ልጅ ደንብ አልጻፍኩም ነበር፤ ስለዚህ ይቻላል አልኳት።

ጳጉሜ 1 ረቡዕ ዋለች። ድንቅቱ ከሱሉልታ በሦስት ታክሲ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች። ከጣቢያው በላይ ያለው ገደላማ መሬት ላይ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ ይተከል ነበር። ኦቦ ቦጂያ ጉድጓዱን ያሳዩዋታል፣ እሷ ትቆፍራለች፣ የችግኙን ፕላስቲክ ቀድዳ ሥሩን ሳትነካ ታስገባለች፣ አፈሩን በእግሯ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ወላድ ናት ብለው አላዘኑላትም። የጠመመውን አስነቅለው ያስተክሏታል። ኢብሳ፣ ልጅየው፣ እኔ ጭን ላይ ቀረ። እኔ ልጅ አላሳደግሁም። አስተቃቀፉን ያስተማሩኝ ኦቦ ቦጂያ ናቸው፤ "አንገቱን፣ አንገቱን፣ ፋይል አይደለም እኮ" እያሉ።

ማጥባት ሲኖርባት ሥራ ታቆማለች። የመጀመሪያው ቀን እኔ ሰዓቴን አየሁ። ኦቦ ቦጂያ ሳይ አዩኝና "እሱስ ችግኝ አይደለም?" አሉ። ደንቡን በልቤ ደገምኩት። ስምንት ሰዓት በጣቢያው ይዋል ይላል እንጂ ምን እየተደረገ አይልም። ሰዓቴን የሸሚዜ እጅጌ ውስጥ አስገባሁት።

በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ዝናቡ ከወጨጫ ላይ ወርዶ መጣ። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ወጡ። ድንቅቱ ዶማውን አስቀምጣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችና ፊቷን ወደ ላይ አደረገች። ኦቦ ቦጂያም ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ከመጠለያው ሥር እጄን ዘርግቼ ጥቂት ጠብታ ያዝኩና የኢብሳን ግንባር ቀባሁት። ስንት ዓመት ሩፋኤልን በቢሮ መስኮት ብቻ እንዳየሁ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አመሰገንኩ። ማንን እንደሆነ ባላውቅም፣ የረሳሁትን ቀን ለሰጠኝ።

አምስተኛው ቀን እሁድ ነበር። ዶማ አላነሱም፤ የተተከለውን ሲቆጥሩና የጸደቀውን ሲመዘግቡ ዋሉ። አንድ ቀን ብቻ ቀረ።

ጳጉሜ 6 የዓመት በዓል ዋዜማ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ፤ ድንቅቱ የለችም። ሦስት ሰዓት ሆነ። ስልኳ አይሠራም። ኦቦ ቦጂያ "ትመጣለች" እያሉ ዶማዋን ይስላሉ፤ የተሳለውን መልሰው ይስላሉ። እኔ ደግሞ ሁሉንም በልቤ ስሰድብ ነበር፤ ታክሲውን፣ በግ ነጋዴውን፣ ደንቡን፣ ደንቡን የጻፈችውን ሴትዮ።

አራት ሰዓት ላይ ከበሩ ብቅ አለች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። መንገዱ በበግና በሰው ተጨናንቆ ታክሲው አልንቀሳቀስ ሲል፣ ከአለም ገና ጀምሮ ልጇን አዝላ በእግሯ መጥታለች።

ኦቦ ቦጂያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "ሁለት ሰዓት ነው የዘገየችው። የዓመት በዓል ዋዜማ ነው። እንለፋት?"

ልቤ እለፊያት ይለኛል። ምላሴ ግን የለመደውን ተናገረ። "ስምንት ሰዓት ስምንት ነው።"

ኦቦ ቦጂያ ተቆጡ፤ ከንፈራቸውን ሲነክሱ አየሁ። መልስ የሰጠችው ድንቅቱ ናት። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እየሰጠችኝ "እትዬ ልክ ናቸው" አለች። "ነገ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ሞልቻለሁ ማለት ነው የምፈልገው።"

ምሳ ሳይበላ ተሠራ። የኦቦ ቦጂያ ሚስት ሦስት ጊዜ ደወሉ፤ በጉን የሚያርደው ሰው እየጠበቀ ነው። "ኤዬ፣ ኤዬ፣ መጣሁ" ይላሉ፤ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ልክ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ የመጨረሻው ኮሶ ገባ። ኦቦ ቦጂያ ፈረሙ፣ እኔ ፈረምኩ። እሳቸው በጭቃማ እጃቸው የኢብሳን ራስ ነክተው "ጉደዱ" ብለው መረቁት፤ እደግ ማለታቸው ነው። ድንቅቱ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ያዟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ከሰዓቴ ባለመቀነስዎ እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። እኔ ያን ቀን ሙሉ ስለዚያው ነገር ራሴን ስረግም ነበር የዋልኩት። አንጀቴን በላችው፤ ልጁን መለስኩላት።

ቡራዩ ስደርስ ገበያው አልቋል፤ ዶሮ ሳልገዛ ገባሁ። ጎረቤቴ ጣቢታ ሰምታ ከወጧ በሳህን ላከችልኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የገባሁት አዲስ ዓመት የለም።

መስከረም 2 ጊዜያዊ ዲፕሎማውን ልሠራ ተቀመጥኩ። "የተከላ ልምምዱ የተጠናቀቀበት ሴሚስተር" የሚል ሳጥን አለ። ኮምፒውተሩ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እንጂ ሌላ አይቀበልም። ሦስተኛ ብዬ ልዘጋው እችል ነበር። ግን ውሸት ነው፤ ልጅቷም ሞልቻለሁ ማለት ነው የምፈልገው ብላኛለች። ሳጥኑን ባዶ ትቼ አተምኩትና በእስክሪብቶ "ጳጉሜ 2015" ብዬ ጽፌ አጠገቡ ፈረምኩ።

መስከረም 3፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ የማላውቀው ስልክ ደወለ።

"ሬጅስትራሯ ነዎት? ከሱሉልታ ነው፤ ከችግኝ ጣቢያው የሰው ኃይል። ድንቅቱ የምትባል ልጅ ወረቀት አምጥታ ነበር። ሴሚስተር በሚለው ላይ በእጅ ጳጉሜ ተብሎ ተጽፏል። ጳጉሜ ሴሚስተር ነው እንዴ?"

"አይደለም" አልኩ።

"እንግዲህ በሴሚስተር ያልታቀፈ ቀን እንዴት ብለን እንቀበላለን? ተጠባባቂው እዚህ ቆሟል።"

ሦስተኛ ብዬ ብጽፈው ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ያው ምላሴ መጣልኝ።

"ጌታዬ፣ ባለፈው ሳምንት፣ በጳጉሜ፣ ሥራ ገብተው ነበር?"

"ገብቻለሁ እንጂ። ከቅዳሜና እሁድ በቀር።"

"ደሞዝ ተከፈለዎት?"

"በጳጉሜ ደሞዝ የለም እኮ፣ እትዬ።"

"ሥራውስ ነበረ?"

"ሥራውማ ነበረ።"

"እሷም እንደዚያው ናት። እሷ እንዲያውም እሁድም ገብታለች። አርባ ስምንት ሰዓት፤ አንዲት ደቂቃ አልጎደለም። የቆጠርኩት እኔ ነኝ።"

ስልኩ ውስጥ ትንሽ ሳቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ወንበር ሲንፏቀቅ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ዷ የሚል ድምፅ። ቀጥሎ ሕፃን አለቀሰ። ስልኩ እጅ ቀየረ።

"እትዬ" አለች ድንቅቱ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። "ማህተሙ ሲመታ ኢብሳ ደንግጦ ነቃ።"

"አባብዪው" አልኳት። ሌላ ነገር ብናገር ድምፄ ያጋልጠኝ ነበር።

"ለሚመጣው ጳጉሜ ቀን የጎደለው ተማሪ ካለ ይንገሩኝ። እኔም መጥቼ ከኦቦ ቦጂያ ጋር አሠራለሁ።"

ግድግዳዬ ላይ አዲሱ ካላንደር አልተለጠፈም ነበር፤ አሮጌውን እያየሁ ነው። ከነሐሴ ታች፣ ከዲኑ ፊርማ በላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ የጨመርኩት መስመር አለ።

"የሚመጣው አምስት ነው" አልኳት። "አሁን ቆጥሬያለሁ።"